የሐበሻ ዘይት

አንድ ዕንቁላል ነጋዴ ነበር። ስሙ ማንያዘዋል ይባላል። የሚኖረው ጠዋት ጠዋት ጉም ደጃፍ ላይ ተኝቶ በሚያረፍድባት አንዲት የደጋ ከተማ ነው። ሥራው ከየገበሬው ቤት የሐበሻ ዕንቁላል መሰብሰብ፣ በሞተር ሳይክሉ መጫን፣ ጠመዝማዛውን መንገድ ቁልቁል ወርዶ ቆላ ላሉት ሆቴሎች ማስረከብ ነበር።

እንጀራውን የሚበላው «የሐበሻ» በምትል አንዲት ቃል ነው። ሆቴሎቹ «የሐበሻ ነው?» ይላሉ፤ እሱ «የሐበሻ ነው!» ይላል፤ ዕንቁላሉ ተራግፎ ይገባል። ቃሏ ይህን ያህል ስለጠቀመችው ከዕንቁላል አልፎ ለሌላውም ነገር ይሠራባት ጀመር። የሐበሻ ጎመን፣ የሐበሻ ሎሚ፣ የሐበሻ ዶሮ ጥሩ ነው። ጥሩ ያልሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ የፈረንጅ ነው። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መንገድ ላይ ሲይዘው እንኳ «ምን ዓይነት የፈረንጅ ዝናብ ነው!» ብሎ ይራገም ነበር አሉ።

ማንያዘዋልን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ አመለወርቅ ናት። እናትና አባታቸው ገና በልጅነቱ ስለሞቱ አጉርሳም አልብሳም ለወግ ያበቃችው እሷ ነች። እሷ ራሷ ግን ትዳር ሳትይዝ ቀረች። የሰፈሩ ሰው «እንደ ስሟ ናት» ይላታል፤ ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅምና። እውነቱን ለመናገር ደግ ቃልም ብዙ አይወጣም ነበር። ዕንቁላሉን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አንስታ እያየች የተበላሸውን የምትለየው፣ ደህናውን በጭድ እየደራረበች ሳጥን ውስጥ የምትደረድረው አመለወርቅ ናት። እሷ የደረደረችው ሳጥን ያን ሁሉ ኮረኮንች ወርዶ ሲከፈት አንድም የተሰነጠቀ አይገኝበትም። ማንያዘዋል በዚህ በጣም ይኮራል። ለሆቴል ቤቶቹ «ይህ የእህቴ እጅ ነው!» ይላቸዋል። ለእህቱ ግን ብሏት አያውቅም፤ የምታውቀው ይመስለው ነበር።

ቤታቸው ሰላም ነው። ጎረቤት ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ «እስቲ የነማንያዘዋልን ቤት እዩ፣ ድምፅ እንኳ አይሰማበትም» እየተባለ ይጠቀሳል።

ሞተር ሳይክሏም እንደ ቤቱ ነበረች። ብታረጅም አንዲት ጠብታ ዘይት መሬት ላይ አትጥልም። ማንያዘዋል ዘይቷ ጎደል ሲል ይጨምርላታል፤ ይጨምራል እንጂ ደፍቶ አይቀይርም። የሰፈሩ መካኒክ ጋሽ ሽብሩ፣ «ኧረ አንተ ልጅ፣ ይህን ዘይት እንቀይረው» ባሉት ቁጥር፣ «ምን አደረገችና ጋሼ? ትሄድ የለም እንዴ?» ይላቸዋል። እርግጥ ትሄዳለች። ነገር ግን ጠዋት በብርዱ ለመነሳት ልግመኛ ናት። ማንያዘዋል እየረገጠ፣ እየለመነ፣ አንዳንዴም እየሰደባት ላብ በላብ ይሆናል። ማርሿ አልገባ ብሎ ይንቋቋል። እሱ ግን ይህን ሁሉ የእርጅና ወግ አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

ታዲያ ይህ ሰው ዕድሜው ገፋ ካለ በኋላ ትዳር ያዘ። ሚስቱ ሐመልማል ትባላለች። ቆላ ካለው ከተማ፣ ከመለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ነው ያገኛት። ካንዴላ ሊገዛ ገብቶ፣ «የሐበሻ ካንዴላ አለሽ?» ብሏት፣ ሳቋ አልቆም ሲላት እሱም አብሮ ስቆ፣ ነገሩ በዚያው ቀጠለ። ሐመልማል የልቧን በአፏ የምታደርግ ሴት ናት። ያልገባትን ትጠይቃለች፤ የከፋትን ትናገራለች፤ ወጡ ጨው ካነሰው «ጨው አንሶታል» ትላለች፣ ራሷ የሠራችው ቢሆንም።

ለሙሽርነት ስትመጣ ከልብሷ ጋር አንድ ጠርሙስ የሞተር ዘይት ይዛ መጣች። ሱቅ የምትሠራ ሴት ለባሏ የምታመጣው ስጦታ ይኸው ነው። ማንያዘዋል ጠርሙሱን አገላብጦ አየው።

«ምን ዓይነት ዘይት ነው?»

«ሲንተቲክ ነው። ለሞተር ሳይክል ተብሎ የተሠራ ነው፤ የመኪናው ዓይነት ፍሪሲዮን ያንሸራትታል ይላሉ። በብርድ አይወፍርም፤ ጠዋት ጠዋት አያስለምንህም።»

«ሲንተቲክ ምን ማለት ነው?»

«በፋብሪካ ተቀምሞ የወጣ ነው። ሰው ሠራሽ በለው።»

ማንያዘዋል ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጠው። «የፈረንጅ ዘይት ነው በይኛ! የኔዋ የለመደችው የሐበሻውን ነው።»

«የሐበሻ ዘይት ደግሞ የትኛው ነው?»

«ይኼ ጥቁሩ፣ ወፍራሙ፣ የሚታመነው።»

«ጥቁር የሆነው እኮ ስላረጀ ነው» አለችና ሳቀች።

በሙሽርነቷ ወራት ቃሏን መመለስ አልፈለገም። እያጉረመረመ ወደ ጋሽ ሽብሩ ወስዶ አሮጌውን ዘይት አስደፍቶ አዲሱን አስሞላ። በማግስቱ ጠዋት ደጁ በብርድ ደርቆ ሳለ አንዴ ቢረግጣት ሞተሯ ተነሳች። ማንያዘዋል ደንግጦ ዙሪያውን አየ፤ የሰው ሞተር ያስነሳ መስሎት ነበር። ማርሿ በአውራ ጣት የሚነካ ያህል ቀሎ ይገባል። ድምፅዋ ለሰለሰ። ያን ቀን ቁልቁለቱን ሲወርድ እያፏጨ ነበር። ማታ ለሚስቱ፣ «የፈረንጅም ቢሆን አንዳንዱ ደህና ነው» አላት። ከሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ጠዋት ሞተሯን ከቆመችበት ሲያነሳ ከሥሯ መሬቱ ላይ ዘይት ተንጠባጥቦ አየ። ካርቶን አነጠፈላት፤ በማግስቱ ካርቶኑ ረጥቦ አገኘው። በዚያች ሞተር ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ማንያዘዋል ካርቶኑን ለሚስቱ እያሳየ፣ «ተመልከቺ የዘይትሽን ሥራ» አለ። ሐመልማልም ምክንያቱን ስላላወቀችው አንገቷን ደፋች።

በዚያው ሰሞን ሌላው ነገር መጣ።

ሦስቱም ራት ላይ ነበሩ። ሐመልማል ለአመለወርቅ እየቆረሰች ታቀርባለች፤ እንደ ታላቅ እህት ነው የምታከብራት። ድንገት፣ በዚያ በማይሸሽግ አንደበቷ፣ «እትዬ፣ እርስዎን ያህል ሴት ሽማግሌ ተልኮብዎት አያውቅም?» ብላ ጠየቀቻት።

አመለወርቅ ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። «መጥቶ ነበር» አለች።

«ታዲያ ምን ብለው መለሱ?»

«እኔ ምንም አላልኩም። ወንድሜ ነው የመለሰልኝ። ምን እንዳልኩ እሱን ጠይቂው።»

ተነስታ እጇን ታጥባ ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማንያዘዋል ገና ጢም ማብቀል በጀመረበት ዘመን አንድ አናጢ ለአመለወርቅ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባት ስለሌለ የተቀበላቸው ማንያዘዋል ነው። እንደ ትልቅ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እህቴ የባል ሐሳብ የላትም። ወንድሜን ማሳደግ ይበቃኛል ብላለች» ብሎ መለሳቸው። አመለወርቅ እንዲህ ብላ አታውቅም። በዚያች ሰዓት ከመጋረጃው ጀርባ ለእንግዶቹ የእጅ ውኃ ይዛ ቆማ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ውኃውን ደጅ ደፋችው። ስለዚያ ቀን እሷም አላነሳችም፤ እሱም ረሳው። አናጢው ሌላ አግብቶ ወደ ሌላ አገር ሄደ።

ከዚያ ራት በኋላ ዝምተኛው ቤት ተለወጠ። አመለወርቅ ያላለችው ሁሉ ይወጣ ጀመር። «ይህን መጋረጃ ከተሰቀለ ጀምሮ አልወደውም» አለች። «ጭዱ እርጥብ ነው ስልህ ሰምተኸኝ አታውቅም» አለች። «ሹሩባ ስሠራ አይተህ ‹አምሮብሻል› ያልከኝ አንድ ቀን ንገረኝ» አለች። ማንያዘዋል ይጮሃል፤ እሷ ታለቅሳለች። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን ማስገግ አበዛ። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ሆቴል ቤት ሳጥኑ ሲከፈት የተሰነጠቁ ዕንቁላሎች ተገኙ። የአመለወርቅ እጅ እየሠራ ልቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ማንያዘዋል ያን ቀን በደንበኛው ፊት መሬት ብትውጠው በወደደ።

ቤት ሲገባ ያገኘው ሐመልማልን ነው። «ፈረንጅ ነሽ እንዴ አንቺ? እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር ይጠየቃል?» አላት። «አንቺ ሳትመጪ በዚህ ቤት ድምፅ አይሰማም ነበር። ሞተሬም አታፈስም ነበር። አንቺም ዘይትሽም ሰላሜን ነሣችሁኝ። ነገሩ እስኪበርድ ቤተሰቦችሽ ጋር ብትቆዪ ይሻላል።»

«እስኪበርድ» ተብላ የተላከች ሙሽራ ብዙ ጊዜ እንደማትመለስ አንባቢ ያውቃል። እሷም ታውቃለች። እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞላ፤ ሆኖም አልለመነችውም። ሻንጣዋን አወረደችና፣ «እሺ፣ እሄዳለሁ» አለች። «ግን ሞተርህ እንዲህ እያፈሰሰች እኔን አፈናጥጠህ ያንን ቁልቁለት አትወርድም። ዘይቱ ጎማ ላይ ከነካ ሁለታችንም ገደል ነን። መጀመሪያ አሠራት።»

ሚስቱን ለመሸኘት ሲል ሞተሩን ይዞ ጋሽ ሽብሩ ጋር ሄደ።

ጋሽ ሽብሩ ወንበራቸውን ፀሐይ ላይ አውጥተው፣ ከሥራ ይልቅ ወሬ የሚቀናቸው ሽማግሌ ናቸው። ማንያዘዋል ገና ሳይወርድ፣ «ጋሼ፣ ይህን የፈረንጅ ዘይት ድፉልኝና የሐበሻውን መልሱልኝ» አላቸው።

«የቱን የሐበሻ?»

«የድሮውን።»

ጋሽ ሽብሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «የድሮውም እኮ በመርከብ የመጣ ነው! በዚህ አገር ዘይት የምትጥል ዶሮ አለች እንዴ?»

ማንያዘዋል ግን ለሳቅ አልነበረም። የመጣበትን ሁሉ ነገራቸው፤ የሞተሩን ብቻ ማለቴ ነው፣ የቤቱን ዋጥ አደረገው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሞተሯን በጨርቅ ጠራረጉ፣ ጣታቸውን ሰደው ዳሰሱ፣ ከዚያም ጠሩት።

«ና እይ። እዚህ ጋ ዘይት የሚይዝ ላስቲክ አለ። ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዛሬ አይደለም የተሰነጠቀው፤ ድሮ ነው።»

«ድሮ ከሆነ ለምን ድሮ አላፈሰሰችም?»

«አንተ ዘይት ትጨምራለህ እንጂ አትቀይርም። ያረጀው ዘይት ዝቃጭ ሆኖ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ደፈነው። ቆሻሻው ነበር የያዘልህ። አዲሱ ዘይት ደግሞ ሥራው ማጽዳት ነው፤ ሲያጥበው ስንጥቁ ወጣ። ዘይቱ ምን አደረገ? የነበረውን አሳየህ።»

ማንያዘዋል ጎንበስ ብሎ ላስቲኩን አየው። ከዚያ፣ «የድሮውን ብንመልስስ?» አለ።

«ይቆማል። ዝቃጩ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይደፍነዋል። እኔ እንደፈለግህ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ፍሳሹ እንዲቆም ነው የምትፈልገው ወይስ ሞተርህ እንድትድን?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ለማቆም መድፈን ነው። ለማዳን ግን መክፈት አለብኝ።»

«ተከፍቶ ምን ይገኛል?»

«እሱን ባውቅማ ለምን እከፍታለሁ?» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

ማንያዘዋል ብዙ ካመነታ በኋላ፣ «ክፈቱት» አለ።

ባዶ የዕንቁላል ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠበት። ሽማግሌው ቡሎን እየፈቱ፣ ከሞተሯ ሆድ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዝቃጭ በጨርቅ እየዛቁ ሲያወጡ ይመለከታል። ይህን ሁሉ ጊዜ ይህን ተሸክማ ያን ዳገት ስትወጣ መኖሯን እያሰበ አዘነላት። ቀጥሎ ደግሞ ያሰበው ስለ ሞተሯ አልነበረም። ከመጋረጃ ጀርባ የእጅ ውኃ ይዛ የቆመች አንዲት ሴት ታየችው። ውኃው ምን ያህል እንደከበዳት አሰበ። «ድምፅ እንኳ አይሰማበትም» የተባለለት ቤት ድምፅ ያልተሰማበት ለምን እንደነበር ገባው። ሐመልማል የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፤ የሰነጠቀችው ምንም የለም። እሱ ደግሞ ሚስቱን እንደ ዘይት ደፍቶ የድሮውን ዝምታ ሊመልስ ሞተር እያሠራ ነው። ፊቱ በሐፍረት ጋለ። ጋሽ ሽብሩ ቀና ብለው አዩትና፣ «ፀሐዩ በዛብህ? ሳጥንህን ወደ ጥላው ሳብ አድርግ» አሉት።

ላስቲኩ ተቀየረ፤ ያው ሲንተቲኩ ዘይት ተመልሶ ተሞላ።

ማንያዘዋል ቤት ሲደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። ሐመልማል ሻንጣዋን አጠገቧ አድርጋ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን በደንብ አጣፍታለች፤ ለመንገድ ዝግጁ ናት። አመለወርቅ ግቢው ውስጥ ቆማ የነገውን ዕንቁላል አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሳች ታያለች። ማንያዘዋል ሚስቱን አልፎ ወደ እህቱ ሄደና ቆመ። ምን ብሎ እንደሚጀምር መንገዱን ሙሉ ሲያሰላስል ነበር የመጣው፤ ሁሉም ጠፋው።

«እቴቴ» አለ፣ «ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሳልጠይቅሽ መለስኳቸው። ብጠይቅሽ ኖሮ ምን ትዪኝ ነበር?»

አመለወርቅ ዓይኗን ከያዘችው ዕንቁላል አላነሳችም።

«እምቢ እል ነበር» አለች።

ማንያዘዋል የሰማውን ማመን አቃተው። «እምቢ?»

«አዎ። ሰውየውን አልወደድኩትም። ሲስቅ ትከሻው ይነቃነቃል። እስከ ዕድሜዬ ማብቂያ ያንን ትከሻ ልይ?»

በረንዳው ላይ ሐመልማል አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ታዲያ እቴቴ፣ እኔም እምቢ ነው ያልኳቸው! አንቺ የምትዪውን ነው ያልኩት! ይህን ሁሉ ዘመን በምን አዘንሽብኝ?»

ያኔ አመለወርቅ ዕንቁላሉን ጭዱ ላይ አስቀምጣ ቀና አለች። «እምቢታው የኔ ነበር፣ ማንዬ። እናትና አባት ከሞቱ ወዲህ የራሴ የምለው ነገር አልነበረኝም፤ ጉልበቴም ጊዜዬም ያንተ ነበር፣ ይሁን፣ ወድጄ ነው። ያን ቀን ግን በሕይወቴ አንድ ጊዜ ‹ምን ትያለሽ?› ልባል ነው ብዬ ቀሚሴን ቀይሬ ቆሜ ነበር። ‹እምቢ› ልል ተዘጋጅቼ ነበር። እሷንም ወሰድክብኝ።»

ማንያዘዋል እግሯ ላይ ወደቀ። የሚለው ሁሉ እንባ ሆኖ ወጣ። አመለወርቅ ጭድ የተጣበቀበት እጇን ጭንቅላቱ ላይ አሳርፋ እሷም አለቀሰች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሳቀች። «ተነስ፣ ዕንቁላሉን ትሰብረዋለህ» አለችው።

«አሁንስ?» አላት ከወደቀበት ሳይነሳ። «አሁን ምን ትፈልጊያለሽ? የጠየቅሽኝን አደርጋለሁ።»

አመለወርቅ ግራ ገባት። «እስቲ ላስብበት» አለች። «የሚጠይቀኝ ይኖራል ብዬ አልተዘጋጀሁም።»

ማንያዘዋል ተነስቶ ወደ በረንዳው ሄደና የሐመልማልን ሻንጣ አነሳ። ሐመልማል ወደ ሞተሩ የሚወስደው መስሏት አብራው ተነሳች። እሱ ግን በሩ ላይ ቆመ። ትንሽ አሰበና ሻንጣውን መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እኔ ሻንጣሽ ቤት እንዲገባ ነው የምፈልገው» አላት፤ «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሐመልማልን በእርግጥ አስቀይሟታል። «ካሁን በኋላ የምጠይቀውን እጠይቃለሁ» አለችው።

«ጠይቂ።»

«ወጡም ጨው ካነሰው እናገራለሁ።»

«ተናገሪ።»

ሻንጣውን ራሷ አንስታ ገባች።

አመለወርቅ አስባ የጨረሰችው ከሳምንት በኋላ ነው። ዕንቁላሉን እየደረደረች፣ «አሰብኩበት» አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን የማሽገው ዕንቁላል የት እንደሚሄድ አላየሁም። ወስደህ አሳየኝ።» ማንያዘዋል አፈናጥጧት ወረደ። ሆቴሉ ወጥ ቤት ድረስ ገብታ ሳጥኖቿ ሲከፈቱ ቆማ አየች። አንድም የተሰነጠቀ አልነበረም። ወጥ ሠሪዋ፣ «እጅሽ ይባረክ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?» ብላ ሳመቻት። አመለወርቅ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ታወራ ነበር። ነፋሱ ግማሹን ወሰደው፤ ማንያዘዋል ግን «ምን አልሽ?» እያለ ደጋግሞ አስነገራት።

አሁን ያ ቤት ድምፅ ይሰማበታል። መጋረጃው ተቀይሯል፤ ስለ አዲሱ መጋረጃ ቀለምም ሁለቱ ሴቶች ገና አልተስማሙም። ጎረቤት ምሳሌ ማድረጉን ትቶታል። ማንያዘዋል ጠዋት ጠዋት ከሞተሯ ሥር ያነጠፈውን ካርቶን አንስቶ ያያል። ካርቶኑ ደረቅ ነው።

ወዳጄ፣ ይህን ያጫወትኩህ ስለ ዘይት ብዬ አይደለም፤ ሞተር ካለህ ግን ዘይቷን ቀይርላት። ዝምታን ሁሉ ሰላም አንበለው። አንዳንዱ ቤት ጸጥ ያለው ስንጥቁን ዝቃጭ ስለደፈነው ነው። ከዚያ አንድ ቅን ሰው ይመጣና አንድ ቅን ጥያቄ ይጠይቃል፤ የተደፈነው ሁሉ ይፈሳል። እኛም ስንጥቁን ትተን ጠያቂውን «የፈረንጅ አመል» ብለን እናባርራለን። የምንወደውንም ሰው መልሱን እናውቃለን ብለን ሳንጠይቅ መልስ እንሰጥለታለን። ብናውቅ እንኳ መልሱ የሱ ነው፤ ራሱ ይበለው።

እስቲ ዛሬ ቤትህ ስትገባ ዙሪያህን ተመልከት። አንተ ስለምትመልስለት ዝም ያለ ሰው ማነው? ሂድና ጠይቀው። ከመጠየቅህ በፊት ግን የጋሽ ሽብሩን ጥያቄ ለራስህ መልስ፤ የምትፈልገው ፍሳሹ እንዲቆም ነው ወይስ ቤትህ እንዲድን?